ጋሽ ደምሴና የላስ ቬጋሱ ገና

ሎሬና ደውላ ጋሽ ደምሴ መሞታቸውን ስትነግረኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «በየትኛው ወግ?» የሚል ነበር። ምን ላድርግ፣ ስደነግጥ አፌ ይቀድመኛል። ሎሬና ሜክሲኳዊት ናት፤ ስትሪፑ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ባለ አንድ ሆቴል ለአሥራ አንድ ዓመት አብረን አልጋ አንጥፈናል። ነገሩ ገባትና እያለቀሰች ሳቀች። «ጋሽደምሴ» ስትል ሁለቱን ቃል አንድ አድርጋ ነው፤ «ጋሽ» ማለት አክብሮት መሆኑን ስንት ጊዜ ብነግራት አልሰማ ብላኝ እስከ መጨረሻው የስማቸው ግማሽ አድርጋዋለች።

ጋሽ ደምሴ የሆቴላችን ሃውስማን ነበሩ። ሃውስማን ማለት የቆሸሸውንም የታጠበውንም አንሶላና ፎጣ በትልቅ ጋሪ እየገፋ ከፎቅ ፎቅ የሚያመላልስ ሰው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገፍተዋል። ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ከጋሪው ጀርባ ሲሆኑ አይታዩም፤ በኮሪደሩ ጋሪ ብቻውን እያንጎራጎረ ሲመጣ ያየ እንግዳ ደንግጦ ወደ ክፍሉ ሲመለስ አይቻለሁ። አንድ የማይለቃቸው አመል ነበራቸው። የተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ካገኙ፣ ናፕኪንም ቢሆን፣ ጥጉን ይዘው እንደ ትራስ ልብስ ሳያስተካክሉ ወሬ አይጀምሩም። ከጀመሩ በኋላ ደግሞ ማስቆም የእግዜር ሥራ ነው።

ደሞዝ የሚከፈላቸው ጋሪ ለመግፋት ይሁን እንጂ ዋናው ሥራቸው የኢትዮጵያን በዓል ለፈረንጅ ማሳየት ነበር። ማን እንደሾማቸው እንጃ። ፈረንጅ ስል ደግሞ፣ ፊሊፒኖውም፣ ሜክሲኳዊቷም፣ ጥቁር አሜሪካዊውም ለእሳቸው ያው ፈረንጅ ነው። የሠራተኛው ምግብ ቤት ውስጥ ትሪያቸውን ይዘው ሰው ወደበዛበት ጠረጴዛ ይሄዱና «ነገ በአገሬ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» ይላሉ። የሚያውቅ የለም። ቢያውቅም ዝም ነው የሚለው፤ አውቃለሁ ያለ ሰው የሰላሳ ደቂቃ ምሳው እንደሚበላበት ሁላችንም ተምረናል።

የሁሉም ነገር ማሰሪያቸው «በወጉ መሠረት» የምትል ቃል ነበረች። ወጉ ግን ላስቲክ ነው። ሮሜል የሚባለው ፊሊፒኖ የመስታወት ጠራጊያችን «ባለፈው ዓመት እንደዚህ አላልክም ነበር እኮ» ካላቸው ሳይሸማቀቁ «ያ የገጠሩ ነው፣ ይሄ የከተማው» ይሉታል። የጃንሜዳን ገና ተጫውቼበታለሁ ሲሉ አንዴ የአሥራ ስድስት፣ አንዴ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። አንድ ቀን ደምሬ «ጋሽ ደምሴ፣ በዚህ ስሌት እኮ አሁን ሃምሳዎን አልሞሉም» ብላቸው «እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔም እንደዚያ ነው የሚሰማኝ» አሉኝ።

የሁለት ሺህ ሃያውን ጥምቀት ልንገራችሁ፤ ሰውየውን ከዚህ በላይ የሚገልጽልኝ የለም። ጠዋት ሺፍት ልንገባ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለው የሠራተኛ ኮሪደር ስንደርስ፣ «ወለሉ እርጥብ ነው» የሚለው ቢጫ ምልክት ከወዲህም ከወዲያም ቆሟል። ወለሉ ደረቅ ነው። ምልክቱን ያቆሙት ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ሕግ ይከበራ! ከዚያ የመስታወት መወልወያውን ጠርሙስ አጥበው፣ ውሃ ሞልተው፣ በዚያ ያለፈውን ሁሉ ይረጩ ጀመር። ሮሜል ካቶሊክ ነው፤ ቆሞ አማተበ። ሎሬና ስልኳን በጡቷ ሸሽጋ ጮኸች። ሦስተኛ ሆኖ ያለፈው ግሬግ ነው።

ግሬግ የሃውስኪፒንጉ ማኔጀር ነው። ዕድሜው ከሰላሳ አምስት አይዘልም፤ ጥርሱ የነጣ፣ ሁሉንም ሰው «ቡዲ» የሚል፣ የማንንም የልደት ቀን የማይረሳ። ክራቫቱ ላይ ሲረጩት ከት ብሎ ሳቀ፣ ጋሽ ደምሴንም አቀፋቸው። «ዋው! ደስ ሲል! ባህላችሁን እወደዋለሁ!» አለ። ከምሳ በኋላ ቢሮው ጠርቶ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ሰጣቸው፤ ሰው ሊያንሸራትት የሚችል ድርጊት ፈጽመዋል የሚል። ግሬግ ይሄው ነው፤ ፊት ለፊት ያቅፍሃል፣ ከምሳ በኋላ ወረቀት ይሰጥሃል። ጋሽ ደምሴ ፈርመው «አንድ ኮፒ ለታሪክ» ብለው ተቀበሉትና በማግስቱ ምግብ ቤት ይዘውት መጡ። «በላስ ቬጋስ ስለ ጥምቀት የተጻፈ የመጀመሪያው ኦፊሴላዊ ሰነድ» እያሉ ለሁሉም አሳዩ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ከተማው ተዘጋ። ካዚኖ ተዘጋ ሲባል ማን ያምናል? ከተሠራ ጀምሮ በሩ ተቆልፎ የማያውቅ ቤት! መጋቢት ላይ በየበሩ ሰንሰለት ሲፈለግ ዋለ። እኛን በኢሜይል አሰናበቱን። ሥራ ሲጀመር በስልክ እንጠራችኋለን፣ እስከዚያ ኢንሹራንሳችሁ ለጥቂት ወራት ይቀጥላል ተባልን። ለእኔ «ለጥቂት ወራት» የምትለዋ እዚህ ግባ የምትባል አልነበረችም፤ ጤነኛ ነኝ። ጋሽ ደምሴ ግን የልብ ክኒን ይወስዱ ነበር። ከተጠሩ ኢንሹራንሱ አለ፣ ክኒኑም አለ፤ ካልተጠሩ የለም። እሳቸው ይህን ሲያወሩ አንድም ቀን አልሰማሁም፤ ሜሪላንድ ፓርክዌይ አካባቢ እኔና እሳቸው ጎረቤት በሆንበት አፓርትመንት ውስጥ የነገረችኝ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናት። እሳቸው ስልካቸውን በግራ እጃቸው፣ እንደሚሰበር እንቁላል ይዘው፣ ግቢውን ይዞሩ ነበር።

ሥራ ፈቶ መቀመጥ በዓል ማሳየትን አያስቀርማ! መስቀል ሲደርስ የአፓርትመንቱን የስጋ መጥበሻ ለአንድ ቀን አስያዙ። በዙም ሃያ ምናምን ሰው ጠሩ። መጥበሻው ላይ እንጨት አቁመው፣ ጫፉ ላይ ከገበያ የገዙትን ቢጫ አበባ አስረው፣ ክንድ የምታህል ደመራ ለኮሱ። እኛ የግቢው ሰዎች ተራርቀን ቆመናል፣ ማስካችንን አድርገናል። ጋሽ ደምሴ ሲያወሩ ማስካቸውን ወደ አገጭ አውርደው፣ ሲያዳምጡ መልሰው ወደ ላይ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ፤ ስንነግራቸው «ሳወራማ አፌ ሥራ ላይ ነው» ይላሉ። «ደመራው ወደወደቀበት አቅጣጫ የዓመቱ ዕድል ይታያል» ብለው ለዙሙ ሕዝብ አስረዱ። እንጨቱ ቀስ እያለ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሲያዘም በዓይኔ በብሌኑ አይቻለሁ። በስጋ መቆንጠጫው ገፋ አደረጉትና ወደ ምዕራብ ጣሉት። «ወደ ስትሪፑ! ወደ ስትሪፑ ወደቀ! ልንጠራ ነው!»

በሳምንቱ ሮሜል ተጠራ። ከዚያ በኋላ ፊሊፒኖዎቹን ማን ይቻላቸው! አንዷ ለቪዛ ጉዳይዋ ደመራው በየት እንደወደቀ ቪዲዮውን ላኩልኝ ብላ ለመነች። ጋሽ ደምሴም ነቢይነቱ ተስማማቸው። እኔ ስለ መቆንጠጫው ትንፍሽ አላልኩም። እውነቱን ለመናገር እኔም ስልኬን ቼክ ሳደርግ ነው የከረምኩት።

ዲሴምበር ገባ። ሎሬናም ተጠራች። እኔና ጋሽ ደምሴ ገና ነን። ያኔ ነው አንድ ቀን በሬን አንኳኩተው «ምስሬ፣ ዘንድሮ ገና ልናሳያቸው ነው» ያሉኝ። ስሜ ምስራቅ ነው። «ዛፉን ነው?» አልኳቸው። «ምን ዛፍ! ገናውን፣ ጨዋታውን! ዱላውን!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አፓርትመንቱ የአናጢ ቤት ሆነ። ነፋስ ከመንገድ ዳር ዛፎች የጣለውን ቅርንጫፍ እየዞሩ ለቀሙ፤ ጫፉ ቆልመም ያለውን እየመረጡ በቢላ ላጡ። የአፓርትመንቱ ሥራ አስኪያጅ በረንዳቸው ላይ አሥራ አምስት ዱላ ተደርድሮ ሲያይ ምን እንደሆነ ጠየቃቸው። «ለክሪስማስ» አሉት። ሰውየው ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ሩሯን፣ ማለት ኳሷን፣ የሠሩት ከተቀደደ አንሶላና ከእትዬ አስካለ አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ነው። ቦርሳው አሮጌ አልነበረም ብላ እትዬ አስካለ እስከዛሬ ትከራከራለች።

ግን ለእሳቸው ዋናው ዱላውም ሩሯም አልነበረም። ሮሜልንና ሎሬናን በስልክ ሲያስረዱ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። በገና ቀን ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ የለም፣ አሉ። ማንም ማንንም ይሰድባል። ሎሌ ጌታውን፣ ሠራተኛ አለቃውን፣ በግጥም ልኩን ይነግረዋል። አለቃው አይቆጣም። በማግስቱ ምንም እንዳልተባለ ሆኖ ሥራ ይቀጥላል።

ሮሜል «ይሄን ኤች አር ያውቃል?» አለ።

ሎሬና ደግሞ «ለምን በዓመት አንድ ቀን ብቻ?» ብላ ጠየቀች። ጋሽ ደምሴ ማስካቸውን ወደ ላይ አደረጉ።

ከዚያ ግሬግን ጋበዙት። «ጋሽ ደምሴ፣ አብደዋል?» አልኳቸው። «ስማችንን የያዘው እሱ ነው እኮ! ማንን ልጥራ፣ ማንን ልተው የሚለው እሱ ነው!» «ለዚህ እኮ ነው» አሉኝ። «አለቃ የሌለበት ገና ምኑ ገና ነው? በወጉ መሠረት አለቃ ያስፈልጋል።» ግሬግ ግብዣውን ሲሰማ ፈነደቀ። «ቲም ቢልዲንግ! ፎቶ አንስተን በኩባንያው ገጽ እንለጥፈዋለን!» አለ።

ቀኑ ጃንዋሪ ሰባት ነበር፣ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ። በማለዳ የማይበርድ፣ በቀትር የማያቃጥል ደህና ቀን። ከሜሪላንድ ፓርክዌይ ጀርባ ባለ ፓርክ ተሰበሰብን፤ ተራርቀን፣ ማስክ አድርገን፣ ዱላ ይዘን። በዋሽንግተን ሰዉ ምክር ቤቱን ሰብሮ የገባበት ያ ሁሉ ግርግር የሆነው በዋዜማው ነው። ቴሌቪዥን ሲያይ ያደረ የፓርኩ ጠባቂ ፊታቸውን የሸፈኑ አሥራ ምናምን ሰዎች ዱላ እያወዛወዙ ሲጮሁ ቢያይ ምን ይበል? ከመኪናው ሳይወርድ፣ መስኮቱን ስንጥቅ አድርጎ «ምንድነው የምታደርጉት?» አለ።

«ክሪስማስ ነው» አሉት ጋሽ ደምሴ።

«ክሪስማስ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነው እኮ።»

«የእናንተ ነው ያለፈው» አሉት በወንድምነት። ሰውየው መስኮቱን ዘጋና እዚያው ሆኖ ያይ ጀመር።

ወደ ሥራ የተመለሱት ላይ ቤት ሆኑ፣ ያልተጠሩት ታች ቤት። ክፍፍሉ የጋሽ ደምሴ ነው። ላይ ቤቶች ግሬግ፣ ሮሜልና ሎሬና ከሌሎች ጋር፤ ታች ቤቶች ጋሽ ደምሴ፣ ሁለት የታክሲ ሾፌር ጓደኞቻቸውና ያልተጠሩ የሥራ ባልደረቦቻችን። እኔ ዳር ቆሜ አስተርጓሚ ነኝ፤ በወጉ መሠረት ሴት ገና አትጫወትም ስለተባለ። ሎሬናንም ሊያስወጧት ሲሉ «ወጣሁ» ብላ ሩሯን በዱላዋ መትታ በሁለት ሰው እግር መሃል አሳልፋ አገባች። ጋሽ ደምሴ ቆም ብለው «በእኛ አገርማ ድሮም ሴት ትጫወት ነበር» አሉ። እኔን ግን አላስገቡኝም፤ «አስተርጓሚ ቦታውን አይለቅም» አሉኝ።

ጨዋታው ውጊያ ነበር። ሮሜል ቅልጥሙን ተመታ። ግሬግ ዱላውን እንደ ጎልፍ ይዞ አየሩን ሲደበድብ ቆየና በመጨረሻ የራሱን ቁርጭምጭሚት አገኘ። ታች ቤቶች አሸነፉ፤ ሥራ የሌለው ሰው ጊዜ አለው፣ ሲለማመዱ ነው የከረሙት። ሳቁ፣ አቧራው፣ ፎቶው። ያን ያህል ስቄ አላውቅም ነበር በዚያ ዓመት።

ከዚያ ጋሽ ደምሴ ወደ መሃል ሜዳ ወጡ። ማስካቸውን አወረዱ። ዱላቸውን ከአናታቸው በላይ አነሡ፣ ግሬግ ፊት ለፊት ቆሙ፣ ዘለል ዘለል እያሉ፣ በሚያምር ድምፅ፦

ጋሪ መግፋት አቅቶት ሊፍት ውስጥ ያለቀሰ፣
እንባውን ላበሰለት ዝምታ መለሰ።

ሾፌሮቹ «በለው!» ብለው ጮኹ። እኔ ቀዝቅዤ ቀረሁ። ግሬግ ከማኔጀርነቱ በፊት፣ የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ሃውስማን ሆኖ እንደጀመረና ጋሪ የገፋው በጋሽ ደምሴ እጅ ተምሮ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ለቅሶውን ግን ማናችንም አናውቅም ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ያ አፈኛ ሰው፣ ለአንድ ሰው ሳይናገር ይዞት ኖሯል። ሁለተኛውን አስከተሉ፦

አሥር ወር ሙሉ ስልኬን ታቅፌ፣
ሕፃን እንደሚያስተኛ ዋልኩ ተደግፌ።

በዚህኛው ማንም «በለው» አላለም። አንዱ ሾፌር ዱላውን ቁልቁል ያይ ነበር።

ግሬግ ነጭ ጥርሱን እንዳሳየ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ? ምን አለ?»

ጋሽ ደምሴም ወደ እኔ ዞሩ። እያለከለኩ ነው፣ ዓይናቸው ይበራል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በወጉ መሠረት ሲሉ ኖረው፣ ወጉ ለእሳቸው የሚሠራበት አንዲት ቀን ይቺ ናት። እኔ ደግሞ ያየሁት የግሬግን እጅ ነው። ስልኩን ይዟል። በዚያ ስልክ ነው የሚጠራን።

«ጥሩ አለቃ ነህ ይላል» አልኩት። «ሁላችንም እንወድሃለን፣ ናፍቀኸናል፣ መልካም ገና ይላል።»

ግሬግ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ የእውነት። «ቡዲ!» ብሎ ጋሽ ደምሴን በክርኑ ነካቸው፣ ከጎናቸው ቆሞም ፎቶ ተነሣ።

ጋሽ ደምሴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አሜሪካ የኖሩ ሰው ናቸው። ግጥም በእንግሊዝኛ መግጠም ባይችሉም «እንወድሃለን» ማለትን ያውቃሉ። ፎቶው እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ ዱላዎቹን ስንሰበስብ አጠገቤ መጡ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው» አልኳቸው ሳይጠይቁኝ።

«ለእኔማ ገናው ነበረልኝ» አሉ። አልተቆጡም። አንገቴ ላይ የነበረውን ሻርፕ ጥጉን ይዘው አስተካከሉት። «ምስሬ፣ በገና ቀን ከፈራሽ በየትኛው ቀን ልትደፍሪ ነው?»

እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም። ውሸቴን ነበር፤ ለእሳቸው ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው። የባሰው ደግሞ በማግስቱ ነው። ደወሉልኝ። ድምፃቸው እንደወትሮው ነው፤ በማግስቱ ምንም እንዳልተባለ ይሆናል ብለው የለ? «ስልክሽ ጮኸ ወይ?» አሉኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ጮኸ። የእኔ ጮኸ፣ የእሳቸው አልጮኸም። ሥራ ስገባ ሃውስማን የሚባል ነገር ከነጭራሹ ቀርቷል፤ ጋሪውን የምንገፋው ራሳችን ነን። አልጋም አንጥፊ፣ ጋሪም ግፊ፣ ደሞዙ ያው። አንድ ቀን ግሬግን ለሌላ ጉዳይ ቢሮው ሄጄ፣ እንደዋዛ፣ የሚጠሩት ሰዎች ዝርዝር መቼ እንዳለቀ ጠየቅኩት። «ኦ፣ እሱማ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው ያለቀው» አለኝ። ዲሴምበር መጀመሪያ! ጋሽ ደምሴ ዱላ ሲልጡ ማለት ነው። ግሬግ ፓርኩ የመጣው ሁሉን ወስኖ፣ የእሳቸውን ስም ሰርዞ፣ የእኔን ጽፎ ነበር። እኔ ያንን ሁሉ የፈራሁት ያለቀ ነገር ላይ ነው። እውነቱን ብተረጉምለት ኖሮ የምናጣውም የምናገኘውም አልነበረም፤ እሳቸው ግን አንዲት ቀን ይኖራቸው ነበር።

ጋሽ ደምሴ በመኪናቸው ምግብ ማድረስ ጀመሩ። በዓል ማሳየቱን ይተዉታል ያልኩ ተሸወድኩ። በፋሲካ በየምግብ ቦርሳው ላይ በአማርኛ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው ጽፈው አደሉ፤ አንድ ደንበኛ ቦምብ ነው ብሎ አቤቱታ አስገባ። ቡሄ ላይ ደግሞ በዚያ በነሐሴ ቃጠሎ ግቢ ወጥተው ለሮሜል ጅራፍ ሲያጮሁለት ሰፈሩ የተኩስ መስሎት ሦስት የፖሊስ መኪና መጣ። ፖሊሶቹ ሲሄዱ «ሊያዩልኝ መጡ» አሉኝ ኮራ ብለው። ከአንዱ ፖሊስ ጋር የተነሡትን ፎቶ አሳዩኝ።

ሳያቸው እስቅ ነበር። ክኒኑን ለሁለት እየከፈሉ ይውጡ እንደነበር የሰማሁት በለቅሶው ቤት ከእትዬ አስካለ ነው። ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን በማግስቱ። እትዬ አስካለ ስትቆጣቸው «ለግማሽ ሺፍት ግማሽ ክኒን ይበቃል» ይሏት ነበር።

ሎሬና የደወለችልኝ በኦክቶበር ነው፤ ሺፍት ላይ ነበርኩ። በልብ ነው ያሉት፣ ምግብ አድርሰው ተመልሰው መኪናቸውን በሥርዓቱ ፓርክ አድርገው ነበር። ከቀብሩ በኋላ ሜሪላንድ ፓርክዌይ ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት በጓሮው አዳራሽ ሰው ተቀመጠ። ሎሬና ጥቁር ለብሳ ከእትዬ አስካለ ጎን ሆና ከሁላችንም በላይ ታለቅሳለች። ሮሜል የገናውን ዱላ ይዞ መጥቶ ጥግ ላይ አስደግፎታል።

ግሬግም መጣ። ነጭ አበባ፣ ጥቁር ሱፍ። ጥቂት መናገር እፈልጋለሁ አለና ወደ እኔ አየ። «ትተረጉሚልኛለሽ አይደል? አንቺ ጎበዝ ነሽ።»

ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ ደምሴ ቤተሰቤ ነበር አለ። አቅሜ የሚችለው ነገር ቢኖር ኖሮ አደርግለት ነበር አለ። እኔ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። «አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ቅሬታ ሰምቼበት አላውቅም» አለ። «ባለፈው የገና ቀን፣ ሥራ ፈትቶ እያለ እንኳ፣ በሜዳው መሃል ቆሞ እንደሚወደኝ ነው የነገረኝ። ይሄን መቼም አልረሳውም።» ዓይኑን ጠረገና ወደ እኔ ዞረ።

የሚጠቅሰው የእኔን ቃል ነው። የእኔን ውሸት እንደ መግነዝ ጋሽ ደምሴን አልብሶ ሊሸኛቸው ነው። ሰው ሁሉ እኔን ያያል። እትዬ አስካለ ታየኛለች። ተነሣሁ። ማስኬን ወደ አገጬ አወረድኩ።

«ጋሽ ደምሴ በገና ቀን ለአለቃቸው ያሉት ይሄን ነው» ብዬ በአማርኛ ጀመርኩና ሁለቱንም ግጥም፣ ከጋሪው እስከ ሕፃኑ፣ አንድ ቃል ሳላስቀር አልኩላቸው። ከዚያ አንዱ ሾፌር ከኋላ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «በለው!» አለ። እትዬ አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነ፣ ቤቱ ሁሉ ተያይዞ አለቀሰ።

«ዋው» አለ ግሬግ፣ ልቡ ተነክቶ። «ምን አልሻቸው?»

በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ቀስ ብዬ፣ መስመር በመስመር። ሊፍቱ ጋ ስደርስ ጥርሱ ጠፋ፣ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ።

«እሱን ለማንም አልነግርም ብሎኝ ነበር» አለ በሹክሹክታ።

«ስምንት ዓመት አልተናገረም» አልኩት። «የተናገረው ፊትህ ነው፣ በገና ቀን። የዋሸሁህ እኔ ነኝ።»

ግሬግ አበባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ሎሬና እንግዳ እንደሸኘ ሰው ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች። እኔ ተመልሼ ስቀመጥ እጄ ፊቴ ያለውን የጠረጴዛ ጨርቅ ጥጉን ይዞ ሲያስተካክል አገኘሁት።

በማግስቱ ጠዋት ሺፍት አለኝ። ከምሳ በኋላ ወረቀት ይሰጠኝ ይሆናል፤ ከሰጠኝ አንድ ኮፒ ለታሪክ እጠይቃለሁ። ገና ሊደርስ ሁለት ወር ከምናምን ይቀረዋል፣ የሚከልለኝ ወግ የለም። ጋሽ ደምሴ በየትኛው ቀን ልትደፍሪ ነው ብለውኝ አልነበር? ማክሰኞ ነበር፣ ጋሽ ደምሴ።